«ደብሮኛል» ሲል ምን ማለቱ ነው?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

የዚህ እትም አምዳችን በአንድ ጉዳይ ላይ ብቻ ያተኩራል። በአሥራዎቹ ዕድሜ በሚገኙ ልጆች ላይ ስለሚታይ ድባቴ የተጻፉልንን አምስት ደብዳቤዎች፣ ጸሐፊዎቹ እንዳይታወቁ አንዳንድ ዝርዝር ለውጠንና አሳጥረን፣ ከመልሶቻቸው ጋር አቅርበናል። ድባቴ ስንል ሐኪሞች እንደ ሕመም የሚያዩትን ሁኔታ ማለታችን ነው፤ ድብርት የሚለውን የዘወትር ቃል ማንም ሰው አልፎ አልፎ ለሚሰማው ስሜት ትተነዋል።

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ከሦስት ወር ወዲህ ሌላ ልጅ ሆኗል። ትንሽ ነገር ስናገረው ይጮኻል፣ በር አጋጭቶ ይዘጋል፣ ከታናሽ እኅቱ ጋር እንኳ ሰላም የለውም። ቀድሞ ከሜዳ የማይጠፋው ልጅ የኳስ ጫማውን አልጋ ሥር ወርውሮ ከተወው ሰነበተ። ሌሊት ሲገላበጥ ያድርና ጠዋት አልነሣም ይላል፤ ውጤቱም ወርዷል። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። ምን ሆንክ ስለው መልሱ «ደብሮኛል» ብቻ ነው። አባቱ «ዕድሜው ነው፣ ተዪው» ይላል፤ የእኔ ሆድ ግን አልቀበልም አለ። ሁለቱን በምን ልለይ?
እናት

መልስ፦ ሆድዎ አልቀበልም ያለውን ነገር አይናቁት። አስቀድሜ ግን «ደብሮኛል» የምትለውን ቃል ላንሣ፤ ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነውና። ይህች ቃል ለሰለቸ ትምህርትም፣ ለማይጥም ፊልምም፣ ለቀረ ጓደኛም፣ ከአልጋ ለመነሣት አቅም ለሚያሳጣ ሕመምም ታገለግላለች። ልጁ ብዙውን ጊዜ ሌላ ቃል የለውም፤ እኛም ቀላሉን ትርጉም መርጠን እናልፋለን። ስለዚህ ቃሏን ለጊዜው ትተን በዙሪያዋ ያለውን ኑሮ ማየት ይኖርብናል።

ድባቴ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ያዘነ፣ የሚያለቅስ፣ ጥግ ይዞ የተቀመጠ ሰው ነው። በጉርምስና ዕድሜ ግን ሕመሙ በኀዘን ፈንታ የብስጭትን መልክ ይዞ ሊመጣ ይችላል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የሚያወጣውና በብዙ አገሮች የሚሠራበት የምርመራ መመሪያም፣ በልጆችና በታዳጊዎች ላይ የተከፋ ስሜት ባይታይ እንኳ ዘወትር መነጫነጭ በእርሱ ቦታ ሊቆጠር እንደሚችል ይደነግጋል። ልጅዎ አለማልቀሱ እንግዲህ ነገሩን አያቀለውም።

መመሪያው የሚያነሣቸው ምልክቶች ዘጠኝ ናቸው። የተከፋ ወይም ብስጩ ስሜት፣ ቀድሞ ደስ ይለው ከነበረው ነገር ሁሉ ፍላጎት መጥፋት፣ የምግብ ፍላጎት ወይም የክብደት መለወጥ፣ እንቅልፍ ማጣት ወይም ከመጠን በላይ መተኛት፣ ሌላ ሰው እስኪያስተውለው ድረስ መቁነጥነጥ ወይም መፍዘዝ፣ ያለ ሥራ መድከም፣ ራስን ከንቱ ወይም ጥፋተኛ አድርጎ ማየት፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ ስለ ሞት ደጋግሞ ማሰብ። ከእነዚህ ቢያንስ አምስቱ፣ ከአምስቱም አንዱ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሆኖ፣ ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ከቆዩና ትምህርቱን ወይም ከሰው ጋር ያለውን ግንኙነት ካወኩ፣ ሐኪሙ ድባቴ ለማለት መነሻ አለው። እርስዎ የጻፉልኝ ሦስት ወር ነው።

በቤት ውስጥ ግን ምልክት እየቆጠሩ መዋል አይቻልም፤ የምመክረው መለኪያ ከዚህ የቀለለ ነው። ልጁን ከጎረቤት ልጅ ወይም ከታላቅ ወንድሙ ጋር ሳይሆን ከራሱ ጋር ያወዳድሩት፤ የዛሬውን ልጅ ከስድስት ወር በፊት ከነበረው ልጅ ጋር ማለቴ ነው። ጉርምስና ጠባይን ያሻክራል፤ ነገር ግን ያኮረፈ ጎረምሳ ከወላጁ ጋር ተጣልቶ ወጥቶ ከጓደኞቹ ጋር ይስቃል፣ ቁጣውም አድሮ ይበርዳል፣ የሚወደውንም ነገር ይዞ ይቆያል። ድባቴ ግን ከቤት ሲወጣም ይከተለዋል፤ ሜዳም ላይ፣ ጓደኛም ዘንድ፣ ብቻውን ሲሆንም አብሮት አለ። ከደብዳቤዎ ውስጥ ቆም ብዬ እንዳስብ ያደረገኝ የበሩ ጩኸት አይደለም፤ አልጋ ሥር የተወረወረው የኳስ ጫማ ነው። ልጅ በእናቱ ሊናደድ ይችላል፤ በኳስ ግን የሚናደድበት ምክንያት የለውም።

እንቅልፉን በተመለከተ ትንሽ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በጉርምስና ወቅት የሰውነት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚሸሽ እንቅልፍ የሚመጣላቸው ቀድሞ ከለመዱት ዘግይቶ ነው፤ በዚህ ዕድሜ የሚያስፈልጋቸውም በአንድ ሌሊት ከ8 እስከ 10 ሰዓት የሚፈጅ እንቅልፍ ነው። ስለሆነም ጠዋት መነሣት ማቃት ብቻውን የስንፍናም የበሽታም ማስረጃ አይሆንም። ነገር ግን በቂ ተኝቶ ደክሞ የሚነሣ፣ ወይም እንደ ልጅዎ እንቅልፍ እያማረው ሲገላበጥ የሚያነጋ ልጅ ጉዳይ ከሰዓቱ መሸሽ አልፎ የሄደ ነው።

ባለቤትዎንም አይውቀሷቸው። እስከ 1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ ከሙያው ሰዎች መካከል እንኳ ብዙዎቹ ልጆች በእውነተኛ ድባቴ ሊያዙ እንደማይችሉ ያምኑ ነበር። ሐኪሞች ዘግይተው የተማሩትን ነገር አንድ አባት በአንድ ቀን እንዲቀበል መጠበቅ ይከብዳል።

አሁን የሚያደርጉት ምንድን ነው? መጀመሪያ ወደ ጠቅላላ ሐኪም ይውሰዱት። የደም ማነስና የታይሮይድ ዕጢ መዛባት ድባቴን የሚመስል ድካምና መፍዘዝ ያመጣሉ፤ በቀላል የደም ምርመራም ይለያሉ። ሐኪሙ ዘጠኝ ጥያቄዎች ያሉት፣ ለታዳጊዎች ተስማምቶ የተዘጋጀ መጠይቅ ሊያስሞላው ይችላል። ውጤቱ ከ0 እስከ 27 ይደርሳል፤ 10ና ከዚያ በላይ ከሆነ ጠለቅ ያለ ምርመራ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ በራሱ ግን በሽታ አለ ብሎ አይፈርድም። ከምክክሩ የተወሰነውን ጊዜ ሐኪሙ ልጁን ለብቻው ማነጋገር ይፈልጋል። እባክዎ ቅር አይበልዎ። በትምህርት ቤት የሚደርስበት ጥቃት ካለ፣ ወይም አልኮልና ሌላ ነገር ቀምሶ ከሆነ፣ እርስዎ ባሉበት አያወራውም።

ከዚያ በፊት ለሚኖረው የቤት ውስጥ ንግግር አንድ ምክር ልጨምር። «ምን ጎደለህ?» የምትለውን ጥያቄ ከአንደበትዎ ያርቋት። የምትጠየቀው በፍቅር ነው፤ ለታመመ ልጅ ግን ክስ ሆና ነው የምትሰማው። ምንም እንዳልጎደለው ያውቃል፤ ምንም ሳይጎድለው እንዲህ መሆኑ ነው ደግሞ ይበልጥ የሚያሳፍረው። በእርሷ ፈንታ ያዩትን ብቻ ይንገሩት፦ «ጫማህን ካደረግኸው ሰነበትክ፤ ሌሊትም ስትነቃ እሰማሃለሁ፤ ከብዶህ ይሆን ብዬ አሰብኩ።» ፊት ለፊት አስቀምጠው ከሚጠይቁት ይልቅ አብረው ሲሄዱ ወይም እጃችሁ ሥራ ይዞ ሳለ ቢያነሡት ይሻላል፤ ዓይን ለዓይን መተያየቱ ሲቀር ምላስ ይፈታልና። መልስ ባይሰጥዎት ዝም ብለው አብረውት ይቆዩ፣ ከሁለት ቀን በኋላም ደግመው ያንሡት።

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት ልጄን የመረመረችው ሐኪም ድባቴ እንደሆነ ነግራን የንግግር ሕክምና (ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር በመነጋገር የሚሰጥ)ና ፍሉኦክሴቲን የተባለ መድኃኒት አዘዘች። ዘመዶቼ ሱስ ያስይዘዋል ይላሉ። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ መድኃኒት ወጣቶችን ራሳቸውን ወደ ማጥፋት ሐሳብ ይመራል የሚል አንብቤ ወረቀቱን በኪሴ ይዤ ሁለት ሳምንት ቆየሁ። ደግሞስ እኔ ምን አጥፍቼ ነው ልጄ እንዲህ የሆነው?
አባት

መልስ፦ ሁለት ሳምንት በኪስዎ የተቀመጠው ወረቀት የፍቅር ምልክት መሆኑ ይገባኛል፤ ሆኖም ልጁ በሁለቱ ሳምንታት ያለ ሕክምና ቆይቷል፤ ስለዚህ ፍርሃቱን ፊት ለፊት እንየው።

ያነበቡት ነገር መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ2004 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር 24 ሙከራዎችንና ከ4,400 የሚበልጡ ልጆችንና ታዳጊዎችን ያካተተ መረጃ መርምሮ፣ በእነዚህ መድኃኒቶች ላይ ከፍተኛው የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ እንዲታተም አዘዘ። የተገኘው ልዩነት ይህ ነው፦ ራስን ስለ ማጥፋት ማሰብ ወይም እንዲህ ያለ ድርጊት መሞከር መድኃኒቱን ከወሰዱት መካከል በ100 አራት ያህል፣ የማስመሰያ ክኒን (መድኃኒት የሌለበት) ከወሰዱት መካከል ደግሞ በ100 ሁለት ያህል ነበር። በእነዚያ ሙከራዎች ውስጥ በዚህ ምክንያት የሞተ ልጅ አልነበረም። ማስጠንቀቂያው መድኃኒቱን አልከለከለም፤ ሐኪምና ቤተሰብ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና መጠኑ በሚቀየርበት ጊዜ ነቅተው እንዲጠብቁ ነው የጠየቀው።

በሌላው ሚዛን የሚቀመጠውንም ይመልከቱ። በዚያው ዓመት ውጤቱ የታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 17 የሆኑ 439 ድባቴ ያለባቸው ታዳጊዎችን በአራት ከፍሎ ተከታትሏል። ከ12 ሳምንት በኋላ በግልጽ የተሻላቸው ፍሉኦክሴቲንና የንግግር ሕክምና አንድ ላይ ካገኙት መካከል 71 በመቶ፣ መድኃኒቱን ብቻ ከወሰዱት 61 በመቶ፣ የንግግር ሕክምና ብቻ ካገኙት 43 በመቶ፣ የማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት 35 በመቶ ነበሩ። እስከ 36ኛው ሳምንት በቀጠለው ክትትል የንግግር ሕክምና ብቻ የያዙትም ደርሰው ከመድኃኒቱ ቡድን ጋር እኩል ሆነዋል፤ ስለዚህ የንግግር ሕክምና ዋናው ልዩነቱ ቀስ ብሎ መሥራቱ ነው። የልጅዎ ሐኪም ሁለቱን አንድ ላይ ማዘዟ፣ ከመድኃኒቶቹም መካከል በዚህ ዕድሜ ብዙ የተፈተነውን መምረጧ በእኔ ግምት የሚያስመሰግናት ነው። ሕመሙ ቀላል ቢሆን ኖሮ ያለ መድኃኒት መጀመር ይቻል ነበር፤ የልጅዎን ግን ያየችው እርሷ ናት።

ሱስን በተመለከተ፣ ልጁ መድኃኒቱን አይናፍቀውም፣ መጠኑንም እያደር እንዲጨመርለት አይቋምጥም። ነገር ግን በድንገት ከተቋረጠ ማዞር፣ መነጫነጭና የእንቅልፍ መረበሽ ሊያስከትል ስለሚችል የሚቆመው በሐኪም እጅ ቀስ በቀስ ነው። ለውጡ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው በሁለት ቦታ ነው፤ አንዱ በአሥረኛው ቀን «ምንም አልሠራም» ብሎ መተው ሲሆን፣ ሌላው ልጁ ሲስቅ ባዩበት ሳምንት «ድኗል» ብሎ ማቋረጥ ነው። ከተሻለው በኋላም ቢያንስ ስድስት ወር መቀጠል የተለመደ ምክር ነው፤ ቀድሞ ማቆም ሕመሙ እንዲመለስ በር ይከፍታል።

ቀጠሮ ሳይጠብቁ ለሐኪሟ መደወል የሚገባዎት መቼ ነው? ልጁ ከወትሮው የተለየ መቁነጥነጥ ከጀመረ፣ ስለ ሞት ከተናገረ፣ ወይም ደግሞ በተቃራኒው ሌሊቱን ሳይተኛ አድሮ ድካም የማይሰማው፣ ንግግሩ የሚፈጥንና ሐሳቡ የማይያዝ ከሆነ ነው። የመጨረሻው ባይፖላር የሚባለው የስሜት መዋዠቅ ሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናውም ሌላ ነው። በቤተሰቡ ውስጥ እንዲህ ያለ ሕመም የነበረበት ሰው ካለ፣ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ለሐኪሟ ይንገሯት።

ስለ ጥፋትዎ የጠየቁት ይቀራል። ድባቴ ከአንድ ምክንያት አይመጣም። በቤተሰብ የሚወረስ ተጋላጭነት አለ፤ ድባቴ ያለባቸው ወላጆች ልጆች ለሕመሙ ያላቸው ተጋላጭነት ከሌሎች ከሁለት እስከ አራት እጥፍ ይበልጣል። ኀዘን፣ ጥቃት፣ የቤት ውስጥ ጠብ፣ ረጅም የአካል ሕመም፣ እንቅልፍ ማጣት በዚያ ላይ ይጨመራሉ። ምንም ሳይደርስባቸው የሚታመሙም አሉ። በቤታችሁ ጠብ ካለ መቀነሱ ልጁን ይረዳዋል፤ ባለፈው ራስዎን መክሰስዎ ግን ለእርሱ የሚጨምርለት ነገር የለም፤ እንዲያውም አባቱን ያሳዘነው እርሱ እንደሆነ ያስባል።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። በክፍሌ ቀድሞ እጇን የምታወጣ ተማሪ አሁን ደብተሯ ላይ ቀን ብቻ ጽፋ ትቀመጣለች። አትረብሽም፣ ስለዚህ ማንም አላስተዋላትም። ጣልቃ ልግባ?
መምህር

መልስ፦ ይግቡ። የሚያስቸግር ልጅ ቶሎ ይታያል፤ ጸጥ ያለችዋ ናት የምትረሳው። በልጅነት የወንዶችና የሴቶች ቁጥር የተቀራረበ ሲሆን፣ ከጉርምስና በኋላ ግን በድባቴ የሚያዙት ሴቶች ልጆች ከወንዶቹ እጥፍ ያህል ይሆናሉ። በክፍል ፊት አይጠይቋት። ሌሎቹ ሲወጡ «ደብተርሽ ባዶ መሆኑን አየሁ፤ ልቆጣሽ አይደለም፣ እንዴት እንዳለሽ ለመጠየቅ ነው» ማለት ይበቃል። ለወላጆቿ ወይም ለትምህርት ቤቱ አማካሪ ሲነግሩ ያዩትንና ያዩበትን ጊዜ እንጂ የበሽታ ስም አይስጡ፤ ስም መስጠት የሐኪም ሥራ ነው። ሕክምና ከጀመረች በኋላ ደግሞ የቤት ሥራዋን ለጊዜው ማቅለል ከሁሉም የሚበልጥ ውለታ ነው፤ የተጠራቀመ ሥራ ከሕመሙ እያገገመች ያለችን ልጅ መልሶ ይጥላታልና።

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ወንድሜ ደብተር ውስጥ «እኔ ባልኖር ለሁሉም ይቀል ነበር» የሚል አነበብኩ። ወላጆቻችን አያውቁም። ብጠይቀው ያላሰበውን እንዳላሳስበው ፈራሁ፤ ደብተሩን ማንበቤንም ካወቀ አያምነኝም።
እኅት

መልስ፦ ይህ ደብዳቤ እትሙ እስኪወጣ ይጠብቃል ብለን ስላላሰብን መልሱን በቀጥታ ልከንልዎታል፤ እዚህ ያተምነው ተመሳሳይ ነገር ላጋጠማቸው ሌሎች ነው።

ዛሬውኑ ይጠይቁት። ራስን ስለ ማጥፋት በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይተክል ተደጋግሞ ተጠንቷል፤ ብዙዎቹ ታዳጊዎች ሲጠየቁ የሚሰማቸው ብቻቸውን የተሸከሙትን ነገር ሌላ ሰው በስሙ ሲጠራው የሚሰማ እፎይታ ነው። ስለ ደብተሩ አይዋሹት። «ደብተርህን አየሁ፤ ማየት አልነበረብኝም፣ ይቅርታ። ያነበብኩትን ግን እንዳላየሁ መሆን አልቻልኩም። ራስህን ስለ ማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ይበሉት። «መቼም እንዲህ ያለ ነገር አታስብም አይደል?» ብለው ግን አይጠይቁት፤ እንዲህ የተጠየቀ ልጅ የሚጠበቅበት መልስ «አላስብም» ብቻ እንደሆነ ያውቃል።

አስባለሁ ካለዎት አይደንግጡበት፣ አይቆጡት፣ ስለ ወላጆቹ ኀዘንም አይስበኩት። መቼ መቼ እንደሚመጣበት፣ እንዴት ብሎ እንዳሰበ፣ መቼ ለማድረግ እንዳቀደ ይጠይቁት። መንገዱንና ጊዜውን አስቦ ከሆነ ለደቂቃም ብቻውን ሳይተዉት ዛሬ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ይውሰዱት። ዕቅድ ከሌለውም በዚህ ሳምንት ውስጥ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ምስጢር እጠብቃለሁ ብለው ቃል አይግቡለት። «ለእማማና ለአባባ መናገር አለብን፤ እንዴት እንደምንነግራቸው ግን አብረን እንወስን» ማለት ይቻላል። በቤት ያሉ መድኃኒቶች፣ የአይጥና የተባይ መርዞች፣ የጦር መሣሪያም ካለ፣ ዛሬ ማታ ተቆልፎባቸው ቁልፉ ከአዋቂ ሰው ጋር ይደር። ይህን አንዳንዶች ከንቱ ድካም አድርገው ያዩታል፤ ነገር ግን ክፉው ሰዓት ብዙውን ጊዜ አጭር ነው፤ በዚያች ሰዓት እጅ የሚደርስበት ነገር አለመኖሩ ሕይወት እንደሚያተርፍ በብዙ አገር ታይቷል። ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉት ላይ ራስን ማጥፋት ከዋነኞቹ የሞት ምክንያቶች አንዱ መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል፤ የወንድምዎን ጽሑፍ የልጅ ቅብጠት አድርገን ያላየነውም ለዚህ ነው።

«ለሁሉም ይቀል ነበር» የምትለው ሐረግ ራሷ የሕመሙ ድምፅ ናት። ድባቴ ልጁን በሚወዱት ሰዎች ላይ የተጫነ ሸክም አድርጎ ያሳየዋል፤ በክርክርም አይረታም። «ሸክም አይደለህም» ብለው ከሚደጋግሙለት ይልቅ ቀጠሮው ድረስ አብረውት ይሂዱ፤ ከሐኪሙ ክፍል ውጭ ተቀምጠው ይጠብቁት።

ጥያቄ፦ 17 ዓመቴ ነው። ውጤቴ ጥሩ ነው፣ ከሰው ጋር ስሆን እስቃለሁ። ቤት ስገባና በሩን ስዘጋ ግን ምንም አይሰማኝም። ኀዘን እንኳ አይደለም፣ ባዶነት ነው። ይህ ከሆነ ዓመት አልፎታል። ለወላጆቼ ብነግር «ምን ጎድሎሽ?» ይሉኛል። የእውነት ታምሜ ነው ወይስ አጋንኜ? እንዴትስ ልንገራቸው?
ተማሪ

መልስ፦ አላጋነንሽም። ባዶነት ከኀዘን ያነሰ አይደለም፤ አንዳንድ ሕመምተኞች ማልቀስ ብችል በተሻለኝ ይላሉ። ጥሩ ውጤትም ሕመም እንደሌለ አያሳይም። በድባቴ ውስጥ ሆነው በግዴታ ስሜት ብቻ የሚያጠኑ፣ ለሰው ፊት የሚሆን ሳቅ አዘጋጅተው የሚወጡ ብዙ ናቸው፤ ድካሙም ቤት ሲገቡ እጥፍ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ዓመት አልፎታል ያልሽው በተለይ ቁም ነገር ነው፤ ምልክቶቹ ቀለል ብለው ለረጅም ጊዜ የሚቆዩበት የድባቴ ዓይነት አለ፤ በዐዋቂ ሁለት ዓመት ሲጠየቅ በአንቺ ዕድሜ አንድ ዓመት መቆየቱ ይበቃል። ይህ ከሆነና ካልሆነ የሚለይልሽ ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው።

ለወላጆችሽ ለመንገር አፍሽ እንቢ ካለሽ ጻፊላቸው። ብዙ መሆን የለበትም። «ከዓመት ወዲህ ደስ የሚለኝ ነገር የለም። ስስቅ የምታዩኝ እንዳትጨነቁ ብዬ ነው። የጎደለብኝ ነገር የለም፣ ምክንያቱንም አላውቀውም። ሐኪም እንዲያየኝ እፈልጋለሁ፣ አብራችሁኝ ሂዱ።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትተያት፤ ወላጅ ሲደነግጥ የሚያደርገውን ስለማያውቅ ይመክራል፣ ይቆጣል፤ የሚሠራ ነገር ስትሰጪው ግን ይነሣል። ስለ ሞት ታስቢ ከሆነ እርሱንም ጻፊው፤ በዚህ ጉዳይ ግን ተስማሚ ቀን አትጠብቂ፣ ዛሬ ለቅርብሽ ሰው ንገሪ።

የንግግር ሕክምና ምን ይሆን ብለሽ ፈርተሽም ሊሆን ይችላል። ሶፋ ላይ አስተኝቶ ስለ ልጅነትሽ የሚመረምርሽ ሰው አይደለም የሚጠብቅሽ። አብዛኛው ሥራ ሳምንታዊ ነው፤ በሳምንቱ ያደረግሽውንና ስታደርጊው የተሰማሽን ትጽፊያለሽ፤ «ሁሉም ነገር ከንቱ ነው» የመሰለውን ሐሳብ ከባለሙያው ጋር አንሥታችሁ እውነት መሆኑን ትፈትናላችሁ፤ የተውሽውን አንድ ትንሽ ነገር ደስታ እስኪመጣ ሳትጠብቂ ትጀምሪያለሽ። የመጨረሻው እንግዳ ይመስላል፤ እኛ የለመድነው ደስ ሲለን ማድረግን ነውና። በድባቴ ጊዜ ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ መጀመሪያ ድርጊቱ፣ ስሜቱ ኋላ፣ አንዳንዴም በጣም ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ለዚህም ነው አንድና ሁለት ጊዜ ሄዶ መተው የማይመከረው።

ወረቀቱን ከሁለቱ ይበልጥ ለምትቀርቢው ስጪ። ትራስ ላይ አስቀምጠሽ አትውጪ፤ እጁ ላይ ሰጥተሽ «አሁን አንብበው፣ እዚሁ ቁጭ እላለሁ» በዪ። «ምን ጎድሎሽ?» ካሉሽ የዚህን አምድ የመጀመሪያ ጥያቄና መልስ አስነብቢያቸው። እርሱም ካልሠራ በትምህርት ቤት ከምታምኛት መምህርት ጋር ተነጋገሪ፤ ወላጆችሽን እርሷ ታስጠራልሽ።